ሒሳብ ስንት ነው? ከእቴጌ ሆቴል እስከ ምግብ መኪና

ባለፈው ሰሞን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ክትፎ ቤት ተቀምጬ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ የተጠጋ ሁለት ሰዎች በሒሳብ ሲጣሉ አየሁ። አንደኛው የሌላኛውን እጅ ከነቦርሳው ጨብጦ «በሞቴ!» ይላል። ሌላኛው «አፈር ስሆን! ዛሬስ አታደርገውም» እያለ ይታገላል። ገንዘብ ተቀባይዋ የለመደች ልጅ ናት፤ ሁለት እጇን ከባንኮኒው ሥር ደብቃ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች። በኋላ ለካ ሒሳቡ ቀድሞ ተዘግቷል። ሦስተኛው ጓደኛቸው «እጄን ልታጠብ» ብሎ ሲነሣ ከፍሎ ተመልሷል። ይህን ሲሰሙ እንደ ሌባ ጮኹበት።

የምግብ ቤቶቻችን ታሪክ ከዚህ ጠብ የሚርቅ አይመስለኝም። ለሌላ ሰው መክፈል ክብር ነው፤ ለበላ ሰው ዋጋ መንገር ግን ለረጅም ዘመን ነውር ነበር። ወጥ መሥራት የቸገረን ጊዜ የለም። ያስቸገረን ሒሳብ መጠየቁ ነው። ምግብ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው ዛሬ ስለ ቦታ፣ ስለ ኪራይና ስለ ንግድ ፈቃድ ይጨነቃል፤ ልክም ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ግን ሰው ለእንጀራ ገንዘብ እንዲያወጣ ማግባባት ነበረባቸው።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ከጎንደር ወደ ሸዋ የሚወርድ መንገደኛ ምግብ ቤት የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም። ስንቁን ይዟል፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ። ሲመሽበት ካገኘው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው» ይሉታል። የመንግሥት ሰው ከሆነ ደግሞ ድርጎ ተቆርጦለታል፤ በደረሰበት ሁሉ እንጀራውን፣ በጉንና ማሩን የሚያቀርበው የአገሩ ገበሬ ነው። ገበሬው በልቡ ምን እንደሚል የጠየቀው የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማዕድ የቤተ መንግሥቱ ግብር ነበር። ቃሉን ልብ በሉት። ግብር ለመንግሥት የሚገባ ክፍያ ነው፤ ግብር መንግሥት የሚያበላው ድግስም ነው። ገበሬ ግብር ያገባል፣ ወታደር ግብር ይበላል። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ የደገሱት ድግስ ቀናት የፈጀ ነበር። የአፍሪካን የምግብ ታሪክ የጻፈው ጄምስ ማካን ይህን ድግስ፣ ከየአውራጃው የመጣው ወጥና መጠጥ ባንድ አዳራሽ ተገናኝቶ የአንድ አገር ምግብ መምሰል የጀመረበት አድርጎ ያየዋል። በኋላም አዲስ አበባ ላይ በአጤ ምኒልክ አዳራሽ ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ይበላሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ሌላው በየማዕረጉ፣ በየተራው ይገባል፤ ጥሬ ሥጋው በእንጨት ተንጠልጥሎ በሰው መሐል ያልፋል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በልቶ ይወጣል፤ ሒሳብ የሚባል ነገር ግን የለም። በጦርና በታማኝነት እንጂ በብር የሚከፈል አልነበረም።

ሆቴል የገባው እንዲህ ባለ አገር ላይ ነው። እቴጌ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተሠራ፤ እንግዳ ከፍሎ የሚያድርበት፣ ከፍሎ የሚበላበት ቤት። ባለቤቱ ሌላ ሰው ሳይሆኑ የግብሩ እመቤት ራሳቸው እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው በቃልም በጽሑፍም ሲነገር የኖረ ነው። ሰዉ አልመጣም። እንጀራ በገንዘብ መብላት የማይታሰብ ነገር ሆነበት። በመጨረሻ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፣ ጠጡ፤ ሲነሡ ገንዘብ አውጥተው ከፈሉ። ንጉሥ የከፈለውን እኔ አልከፍልም የሚል መኮንን ከየት ይመጣል? ታሪኩ በየተራኪው አፍ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። የማይለወጠው ፍሬ ነገር ግን ምግብ ቤት የከፈተ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ቤቱ አለ፣ ወጡ ደርሷል፣ ደንበኛ የለም። የጣይቱ ዕድል ባላቸው ንጉሠ ነገሥት መሆናቸው ነበር።

ያ ቤት ዛሬም በቦታው አለ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣ እሳት ከፊሉን በልቶት ነበር፤ ታድሶ እንደገና እንግዳ ተቀበለ። የቀድሞ መንገደኞች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡለት የቀን የጾም ቡፌውን ነው። ከእቴጌ ሆቴል የወረስነው ሌላው ነገር ስሙ ነው። ዛሬ በየትኛውም የወረዳ ከተማ ብትወርዱ፣ አንድ አልጋ እንኳ የሌለው፣ ሽሮና ፓስታ ብቻ የሚሸጥ ቤት ግንባሩ ላይ «ሆቴል» የሚል ታፔላ ሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የሚያደናግረው ፈረንጅን እንጂ እኛን አይደለም። ሆቴል ለኛ ከፍለህ የምትበላበት ቤት ነው፤ አልጋው ትርፍ ነው።

ቤተ መንግሥቱን እዚህ ላይ ልተወው፤ ምክንያቱም የሥራው እውነተኛ ጀማሪዎች እዚያ አልነበሩም። ከባሏ የተፋታች፣ ባሏ ጦር ሜዳ የቀረባት፣ ከገጠር ሸሽታ ከተማ የገባች ሴት ናት ይህን ሥራ ያቆመችው። ካፒታሏ ጋን፣ እንስራ፣ ጌሾና ክንድ ነው። ከደጇ አንድ እንጨት ትተክልና ጫፉ ላይ ጣሳ ትደፋበታለች፤ ማንበብ የማይችልም የሚያነበው ታፔላ ይሄው ነው። ጠላ አለ ማለት ነው። እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ ከጠላው ጋር ቆሎ ወይም ንፍሮ ይቀርብለታል። የንፍሮው ዋጋ አይጠራም። የምትሸጠው መጠጡን ነው፤ ምግቡ ስጦታ ነው። ነውሩን እንዲህ ዞረችው፤ ልማዱን ሳትነካ የከተማ ነጋዴ ሆነች። ጠጅ ቤቱም እንደዚያው በብርሌ እየለካ ሸጠ። ቀስ በቀስ ከጠላው ጎን ጥብስ፣ ከጠጁ ጎን ቁርጥ መጣ፤ አንድ ቀን ሰዉ ለምግቡ ከፍሎ መውጣቱን ሳያስተውለው ለመደው። ይህች ሴት ግን ለውለታዋ ያገኘችው ስድብ ነው። «ጠላ ሻጭ» ብሎ ልጅን መስደብ የተለመደ ነበር፤ በጠላ ሽያጭ ተምሮ ለወግ የበቃው ልጅ ግን ስንት ነው?

ባቡሩ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያው ዘመን ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ነው የሚደርሰው። እንግዲህ አስቡት። ባቡር የተራበ ሰው በቁርጥ ሰዓት የሚያወርድ ነገር ነው፤ የሚወርደውም ሰው በከተማው ዘመድ የለውም፣ «የመሸብኝ ነኝ» ብሎ የሚያንኳኳው ደጅ አያውቅም። በየጣቢያው ቡፌ የተከፈተው ለዚህ ነው፤ ግሪኩም አርመኑም የሆቴል ሥራ የያዘው በዚሁ ዘመን ነው። የአዲስ አበባው ቡፌ ደ ላ ጋር ከጣቢያው ጋር ስሙን ለሰፈሩ አካፍሎ ለገሃር አስባለው። ምግብ ቤት የማይተዋወቁ ሰዎች በሚገናኙበት ቦታ እንደሚበቅል ያየሁት ከዚህ ነው። ዛሬም ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሆስፒታል በር፣ ዩኒቨርሲቲ አጥር የሚፈልገው በዚሁ ሒሳብ ነው።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ ትቶት የሄደውን ብንቆጥር ሆድ ላይ የቀረው ይበዛል። ፓስታው፣ ሳልሳው፣ ማኪያቶው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሁለት ቃል ነው። ሎካንዳ በጣሊያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሉካንዳ ሆኖ ሥጋ ቤት ሆነ። መኝታውን ጥለን ሥጋውን ያዝን። ሁለተኛው ባንኮኒ ነው። ከባንኮኒ በፊት ሻጭና በላተኛ አንድ መደብ ላይ ነበሩ፤ ባለቤቷ እየዞረች «ብሉልኝ» ትላለች፣ አልፎ አልፎም ታጎርሳለች። ባንኮኒው በመሐላቸው ቆመ። በዚህ ወገን ብር፣ በዚያ ወገን ዕቃ። ገንዘብ መቀበል የአንድ ራሱን የቻለ ሰው ሥራ ሆነ፤ ያ ሰው ደግሞ አያጎርስም፣ አያፍርም። ከጦርነቱ በኋላ አገር ውስጥ ከቀሩት ጣሊያኖች አንዱ ካስቴሊ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ፒያሳ ላይ ምግብ ቤቱን ከፈተ፤ ቶሞካ ቡናውን መቁላት የጀመረው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ቶሞካ ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ነው፤ ወንበር የሌለው ቤት ብዙ ሰው እንደሚያስተናግድ ለአዲስ አበባ ያስተማረ ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ሰው ያዘነው ለሕንፃው ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ክትፎ ቤት ይዞ ማየት ይቀላል። ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣ ልጅ ጫማ ይጠርጋል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ሱቅ በደረቴ ይዞራል፤ ከዓመታት በኋላ ቆጮውን፣ አይቡንና ጎመኑን ይዞ ቤት ይከፍታል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከባንክ አይደለም፤ ባንክ ቤት የሌለውን ሰው አያበድርም። ከዕቁብ ነው። ሠላሳ ሰው በሳምንት ሁለት ሁለት ሺህ ብር ቢጥል ስድሳ ሺህ ይሆናል፤ ዕጣ መጀመሪያ ለወጣለት ሰው ይህ ወለድ የሌለው ብድር ነው፣ መጨረሻ ለደረሰው ደግሞ ቁጠባ። መሐላ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ዋስ አለ። ምድጃ ሊገዛ የቸኮለ ደግሞ ዕጣ ከደረሰው ሰው ተራውን ይገዛል። የዚህን አገር የምግብ ቤት ታሪክ የሚጽፍ ሰው የባንክ መዝገብ ቢያገላብጥ ምንም አያገኝም፤ የዕቁብ ጸሐፊዎችን ደብተር ይፈልግ።

ክትፎ ቤት ሌላም ነገር ያስተምራል። የአገሩ ብዙ ሰው ረቡዕና ዓርብ አይበላለትም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ቤቱ ጭር ይላል። በሌላ አገር ሁለት ወር ባዶ የሚቀመጥ ምግብ ቤት ይዘጋል። እዚህ ጾሙ ሲገባ ግድግዳ ይቀባል፣ ምድጃ ይጠገናል፣ አስተናጋጅ አገር ቤት ደርሶ ይመጣል፤ የቅበላና የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ወንበር ይጠፋል። ብልሁ በያይነቱን ጨመረ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው በአንድ ትሪ። ርካሽ ተብሎ የሚናቅ ምግብ ነበር። ምን ያህል እንደተሳሳትን ወደ ኋላ አሜሪካ ስንደርስ እናያለን።

አብዮቱ መጣና ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ታላላቆቹ ሆቴሎች የመንግሥት ሆኑ፤ ቀበሌው ራሱ መዝናኛ ክበብ ከፍቶ ቢራና ጥብስ ሸጠ። ሰዓት እላፊ ማታውን ገደለው። ያም ሆኖ አዋጁ ያላሰበውን አንድ ነገር ትቶ ሄደ። የቀበሌ ቤት ተከራይታ ሽሮ ትሸጥ የነበረች ሴት ለዓመታት ኪራይዋ አልጨመረባትም። በአዲስ አበባ ርካሽ ምሳ የቆየው በከፊል በዚህ ነው፤ ዛሬ ሳህኑ ላይ ካለው ምግብ ይልቅ የወለሉ ካሬ ሜትር ዋጋ የሚያስፈራው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ይቀናል።

የዚያን ዘመን በቅርብ የማውቀው በአክስቴ ነው። ኮምቦልቻ ላይ፣ የአሰብ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ነበራት። ሾፌር ሰዓት እላፊ ሲደርስበት ባለበት ማደር ግዴታው ስለሆነ፣ ሌላውን ያከሰረ ነገር ለእሷ ሲሳይ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሣለች። ሽንኩርቱ በማዳበሪያ ነው የሚመጣው፤ ተከትፎ ድስት ይገባና ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ውሃውን ጨርሶ ቀለሙ ሳይለወጥ ዘይት የሚጨምር ሠራተኛ አንድ ቀን አያድርም። በርበሬው ሲገባ ጓሮው በሙሉ ያስነጥሳል። አክስቴ ማታ ገንዘብ አትቆጥርም ነበር፤ የምትቆጥረው እንጀራ ነው። ጠዋት ከጋጋሪዋ ሁለት መቶ ተቀብላ ማታ ሃያ ካደረ፣ መቶ ሰማንያው በወጡ ተባዝቶ በሣጥኑ ውስጥ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ጥፋቱ ከአስተናጋጁ ነው ወይም ከዱቤው። ሃያው ነገ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራውን የንብረት ቁጥጥር እሷ በሌማት ትሠራው ነበር።

ያልቻለችው ዱቤውን ነው። ሾፌር በእጁ ይከፍላል፤ ነገ አሰብ ነው፣ ማን ያገኘዋል? የመሥሪያ ቤት ሰው ግን የአካባቢው ሰው ነው፣ የተከበረ ነው፣ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላል ተብሎ ይጻፍለታል። አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሠራተኞቹ ምሳቸውን በሙሉ በዱቤ ይበሉ ነበር። ወሩ ሲሞላ ሄዳ እንድትጠይቅ ስንነግራት «የበላን ሰው እንዴት ተብሎ?» ትላለች። ምኒልክ ቢኖሩ እንጃ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ሩጫ ነው። ካፌው፣ ኬክ ቤቱ፣ በርገር ቤቱ፣ ዘፈንና ጭፈራ የሚያቀርበው የባህል ምግብ አዳራሽ ተከታትለው መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዛ ሃት አዲስ አበባ ገባ። አዲስ የሚከፍት ሰው ወጪው ምግብ ላይ አይጀምርም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን፣ 15 በመቶ ቫት፤ ከዚያ በኋላ ነው ሽንኩርት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ዋጋው በወረቀት ቁራጭ ተለጥፎ፣ በላዩ ሌላ ቁራጭ ተለጥፎበት አይቻለሁ።

አሁን ባሕሩን እንሻገር። በአሜሪካ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችን ታሪክ የመረመረው ሃሪ ክሎማን የመጀመሪያውን ያገኘው ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 (የባሕር ማዶው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ነገሩ በእውነት የተጀመረው ግን በ1978 በወጥ ሠሪዋ በእማማ ደስታ ስም የተጠራው ቤት ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሲከፈት ነው። ከዚያ አብዮቱ የበተነው ሰው መጣ፤ የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሩን ከፈተ። ዲግሪ ይዞ ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው ሁሉ በዕቁብ ገንዘብ እየተጋገዘ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ተከለ። ኪራዩ ሲያሯሩጠው ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ሄደ፤ እዚያ የሜትሮ ጣቢያው በ1991 ተከፍቶ ሰፈሩ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ኪራይ እንደገና ሲከተለው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ደረሰ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ የተሰበሰቡት ቤቶች በ2002 ሰፈሩን በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» አስባሉት።

የመጀመሪያው ጭንቅ ጤፍ ነበር። ሰዉ ራሱ የሚቦካ ዱቄት በጋዝ ውሃ እየበጠበጠ እንጀራ የሚመስል ነገር ይጋግር ነበር፤ የዚያን ዘመን ሰው ዛሬም ሲያወራው ፊቱ ይኮሳተራል። መፍትሔው ካልታሰበበት መጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ዌይን ካርልሰን አገሩ ሲመለስ አይዳሆ ላይ ጤፍ ዘርቶ በ1980ዎቹ መሸጥ ጀመረ። ምጣዱ ደግሞ ከአይዋ መጣ፤ የኖርዌይ ስደተኞች ሌፍሰ የሚባለውን የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንጀራ ልክ ሆኖ ተገኘ። የኖርዌይ ምጣድ፣ የአይዳሆ ጤፍ፣ የሐበሻ እርሾ። በየአፓርታማው የሚጋገረው እንጀራ ይሄ ነበር።

ሁለተኛው ጭንቅ ያው የኛው ነው፤ ዋጋ። በአሜሪካ ለዓመታት የሐበሻ ቤት «ርካሽና ብዙ» ተብሎ ታወቀ፤ አራት ሰው በአንድ ትሪ ጠግቦ ሲወጣ አንድ ሳህን የፈረንሣይ ምግብ የሚያወጣውን አይከፍልም። ተመራማሪው ክሪሽኔንዱ ሬይ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰው ለአንድ አገር ምግብ የሚከፍለው ዋጋ ለዚያ አገር ስደተኛ ያለውን ግምት ይከተላል ይላል። እውነት ነው፤ የኛ ሰው ግን ራሱም አግዞታል። ሦስት ሰዓት የተቁላላ ዶሮ ወጥ ዋጋውን ሲጠሩበት ድምፃቸው ዝቅ ይላል። የሚገርመው፣ ያዳነን አገር ቤት የተናቀው በያይነቱ ነው። ሥጋ የማይበላው፣ ወተት የማይነካው አሜሪካዊ ሁሉ ከዚህ ትሪ ውጭ ጠግቦ የሚነሣበት ቦታ አጣ። የጾም ምግብ የቤቱ መታወቂያ ሆነ።

ዋጋውን ከፍ አድርጎ ለመጥራት ከደፈሩት አንዱ ስዊድን ያደገው የኛው ልጅ፣ ምግብ አብሳዩ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። በ2008 ኒው ዮርክ ላይ «መርካቶ 55» ብሎ የአፍሪካ ምግብ የሚያቀርብ የደመቀ ቤት ከፈተ፤ በዓመቱ ገደማ ተዘጋ። በ2010 ሃርለም ላይ የከፈተው ሬድ ሩስተር ግን ቆመ። በ2022 የተከፈተው ሌላው ቤቱ «ሃቭ ኤንድ ማር» ይባላል፤ ሃቭ በስዊድንኛ ባሕር ነው፣ ማሩ የኛው ማር ነው። መርካቶ 55 ለምን እንዳልሠራ ብዙ ተብሏል፤ የእኔ ግምት ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ኪራይና የማይታወቅ ምግብ ባንድ ላይ ማንንም ይጥላሉ የሚል ነው። ትንሽ ቤት ስህተትን ይሸከማል።

ከትንሽ ቤት ደግሞ የሚያንሰው መኪና ነው። በ1872 ፕሮቪደንስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ዋልተር ስኮት የሚባል ሰው ሌሊት ለሚሠሩ የጋዜጣ ሠራተኞች በፈረስ ጋሪ ምግብ ይሸጥ ጀመር። ያሁኑ የምግብ መኪና ወግ ግን ከ2008 ኅዳር ይቆጠራል፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ሮይ ቾይና ጓደኞቹ የኮሪያን ሥጋ በሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልለው ኮጊ በሚባል መኪና መሸጥ ጀመሩ፤ የዕለቱን መቆሚያቸውን በትዊተር ይናገሩ ነበር። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር። ሥራ የፈታ ወጥ ሠሪ ሞልቶ፣ ሰዉ በርካሽ መብላት ፈልጎ ነበር።

ዋሽንግተን በሐበሻ ምግብ ቤት የተሞላች ከተማ ናት፤ የኢትዮጵያን ምግብ በመኪና በመሸጥ ቀድመው ስም ያወጡት ግን ሐበሾች አልነበሩም። በ2009 የተነሡት ፎጆል ብራዘርስ የሚባሉ አሜሪካውያን ወጣቶች የውሸት ጢም ለጥፈው፣ ጥምጣም ጠምጥመው የሕንድና የኢትዮጵያ ምግብ ይሸጡ ነበር። ሰዉ ተሰለፈላቸው። በ2012 «ባህላችሁ ያልሆነውን መቀለጃ አታድርጉ» የሚል ተቃውሞ ተነሣባቸው። ጢሙ ያናድዳል፤ ግን የኛ ሰው ለምን ዘገየ? መልሱ እንጀራው ይመስለኛል። እንጀራ ተቀምጦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚበላ ነው። መኪና አጠገብ ቆሞ በአንድ እጅ ስልክ ይዞ በሌላው የሚበላ ሰው ወጡ በክርኑ ይፈስበታል። እንጀራውን መጠቅለል ያስፈልጋል፤ የኛ ባለሙያ ሴት ደግሞ ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ ለብቻው ለቆመ ሰው ማቀበል የሚያሳፍራት ይመስላታል።

ሥራው ራሱም ቀላል አይደለም። መኪናው ወጥ የሚሠራበት አይደለም፤ ወጡ ፈቃድ ያለው ሌላ ወጥ ቤት ውስጥ ሌሊቱን ይሠራል። የምሳ ገበያ ሁለት ሰዓት ነው፤ ዝናብ ከዘነበ ቀኑ ሞተ። ከሁሉ የሚከብደው ቦታ ነው። ዋሽንግተን በ2013 ባወጣችው ደንብ ጥሩ ጥሩዎቹን መቆሚያዎች በየወሩ በዕጣ ማደል ጀመረች። ዕቁብ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ልዩነቱ እዚያ ዕጣ ያልወጣለት ነገ ተራው ይደርሰዋል የሚለው የለም።

አዲስ አበባም ላይ ሆዱ ተቆርጦ መስኮት የወጣለት ሚኒባስና ተጎታች በርገር ሲሸጥ ማየት ተለምዷል። ግን የምግብ መኪናን ከአሜሪካ የተማርነው አይምሰላችሁ። ቦምቦሊኖ በባልዲ ይዞ የሚዞረው ልጅ፣ እርጥቧን በአዋዜ ቀብታ ታክሲ ተራ የምትቆመዋ ሴት፣ ሳምቡሳ በመስታወት ሣጥን፣ ጀበናዋን በአራት ዱካ ያጠረችው ቡና አፍይ፤ እነሱ ጎማ የሌላቸው የምግብ መኪናዎች ናቸው። ጥናታቸው የተሟላ ነው። ሰዉ መቼ እንደሚራብ ያውቃሉ፣ ኪራይ አይከፍሉም፣ «ደንብ መጣ!» ሲባል ድርጅታቸውን በግማሽ ደቂቃ አንሥተው ይሄዳሉ። ደንብ አስከባሪው ባልዲውን ሲቀማ የሚወስደው የአንድ ሰው ሙሉ ካፒታል ነው። ባለመኪናው ወጣት ፈቃድ አውጥቶ «ሥራ ፈጣሪ» ይባላል፤ ባለባልዲው «ሕገወጥ» ነው። ሁለቱ የሚሸጡት ግን ለአንድ የተራበ ሰው ነው።

የባልዲውና የመኪናው ነገር ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ በአንድ ነገር ነው። መጀመሪያ ይከፈላል። ብሩን ትሰጣለህ፣ ከዚያ ትቀበላለህ። ማንም «በሞቴ» አይልም፣ ማንም አያፍርም፣ ዱቤ የለም። ምኒልክ መኳንንት አስከትለው ሄደው ያስተማሩትን ቦምቦሊኖ ሻጩ ማንም ሳይነግረው አወቀው። በስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር ደግሞ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በሒሳብ ለሚጣሉት ሰዎች ነገሩን አቀለለው። ባለፈው ቦሌ ያየኋቸው የሽማግሌዎቹ ጓደኛ እጄን ልታጠብ ብሎ የከፈለው በስልኩ ነው፤ ከመታጠቢያው ሳይወጣ።

አክስቴ ቴሌብርን ሳታይ ሞተች። ቤቷን ከዘጋች በኋላ ያወረሰችኝ አንድ ነገር አለ፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የዱቤ ደብተር። የባለዕዳዎቹ ስም በቀይ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው። ከጎኑ ሽሮ፣ ጥብስ፣ ዳግም ሽሮ፤ አንድ ሽሮ በ75 ሳንቲም። የከፈለውን ሰረዝ አድርጋበታለች። የዚያ የመሥሪያ ቤት ገጾች ላይ ሰረዝ የለም። በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ስትሠሩ ምሳችሁን በዱቤ የበላችሁ ካላችሁ፣ ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው።